የጅማ ፋርማሲ መምህራን የዓመት ሥራ በመድኃኒት ቤት ባለቤት ሚዛን

በጅማ ከተማ መድኃኒት ቤት ከፍቶ የሚሠራ ሰው የጅማ ዩኒቨርሲቲን የፋርማሲ መምህራን በሁለት በኩል ያውቃቸዋል፤ በአንድ በኩል ለተግባር ልምምድ በሚልኳቸው ተማሪዎች፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከሆስፒታል ተጽፎ በሚመጣ የመድኃኒት ማዘዣ ላይ በሚተዉት አሻራ። ይህ ግምገማ የተጻፈው ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ነው። መምህራኑ በአንድ የትምህርት ዘመን ከሚያከናውኑት ሥራ የትኛው ለከተማው ነዋሪና ለሕመምተኛው እንደሚደርስ ለመመዘን ይሞክራል።

ስለ መማሪያ ክፍሉ ብዙ አልልም። የመጀመሪያ ዲግሪው አምስት ዓመት ይፈጃል፤ ፋርማኮሎጂም (መድኃኒት በሰውነት ላይ እንዴት እንደሚሠራ የሚያጠናው) ሆነ ፋርማሲዩቲክስ (የመድኃኒት አዘገጃጀት ጥናት) ፋርማሲ በሚያስተምር በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች ሁሉ የሚወስዱት የመውጫ ፈተና ግን የመምህሩን ዓመት እንደለወጠው መናገር ያስፈልጋል፤ የዓመቱ መጨረሻ በክለሳና በሙከራ ፈተና ይያዛል፣ ተማሪውም ሐሳቡ ሁሉ ወደ ምርጫ ጥያቄ ያዘነብላል። ይሁንና አንዲት የአስም ሕመምተኛ ኢንሄለሩን በትክክል ስባ፣ እስከ አሥር ሰከንድ ያህል ትንፋሿን እንድትይዝ አድርጎ ማስተማር በምርጫ ጥያቄ የሚፈተን ችሎታ አይደለም።

የሥራው ትልቁ ዋጋ ያለው ሆስፒታል ውስጥ ነው። የመጨረሻው ዓመት ተማሪዎች ከውስጥ ደዌ ወደ ሕፃናት፣ ከዚያም ወደ ሌሎች ክፍሎች እየተዘዋወሩ ሲማሩ፣ የክሊኒካል ፋርማሲ መምህሩ ከሐኪሞቹ ጋር በጠዋቱ ራውንድ፣ ማለትም ሕመምተኞች በየአልጋቸው በሚጎበኙበት ዙር፣ ይቆማል። አልጋው አጠገብ የሚነሣው ጥያቄ ከመጽሐፉ ይልቅ የተወሳሰበ ነው። ኩላሊትን ሊጎዳ የሚችለው ጄንታማይሲን የተባለ ፀረ ተዋስያን የታዘዘለት ሰው ክሪያቲኒኑ (የኩላሊቱን ሁኔታ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ስንት ነው? መጠኑ ይቀነስ ወይስ በመርፌዎቹ መካከል ያለው ሰዓት ይራዘም? ለአራስ ሕፃን ሴፍትሪያክሶን የተባለው ፀረ ተዋስያን ሲታዘዝ፣ ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ በደም ሥሩ እየገባ እንደሆነ ያየ አለ? ካልሲየምና ሴፍትሪያክሶን ተገናኝተው በአራሱ ሳንባና ኩላሊት ውስጥ ሊጠጥሩ ስለሚችሉ፣ ይህን ጥያቄ በወቅቱ የሚያነሣ ሰው መኖሩ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ከተሳካ ምንም ነገር አይከሰትም፤ ያልተከሰተ ነገር ደግሞ ለሪፖርት አይመችም። ለእኛ ለመድኃኒት ቤቶች ግን ውጤቱ ይታያል፤ በራውንድ ላይ ፋርማሲስት ካየው ሕመምተኛ እጅ የሚመጣ ማዘዣ መጠኑና የሚወሰድበት ጊዜ ተሟልቶ የተጻፈ ስለሚሆን፣ ሐኪሙን ፍለጋ ስልክ መደወል እምብዛም አያስፈልገንም።

ሁለተኛው ጠንካራ ጎን ከተቋሙ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ዩኒቨርሲቲው የጅማ እርሻ ኮሌጅና የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ የሚታወቅበት ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ የተወረሰ ነው። በዚህ መሠረት የፋርማሲ ተማሪው ከሕክምና፣ ከነርስና ከላቦራቶሪ ተማሪዎች ጋር በአንድ ቡድን ሆኖ እንደ አጋሮና ሸቤ ባሉ አካባቢዎች በሚገኙ ጤና ጣቢያዎች ይሰማራል፤ መምህሩም አብሮ ይንቀሳቀሳል። በቡና አገር ነፍሰ ጡር እናት የብረት እንክብሏን በምን ትውጠው ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ የሚፈጠረው እዚያ ነው። ቡና ወደ ደም የሚገባውን የብረት መጠን ይቀንሳል፤ ሆኖም ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ቡና በሚፈላበት ቤት «ቡና ተዪ» ብሎ መምከር የሚሰማ ምክር አይደለም። በመስክ ያለፈ ተማሪ ግን እንክብሉን ከቡናው ሰዓት አርቃ እንድትወስድ ይነግራታል፤ እናቲቱም ምክሩን ትቀበላለች። ልዩነቱን ተማሪዎቹ ባንኮኒያችን ላይ ቆመው ሲያስረዱ በጆሮዬ እሰማዋለሁ።

የዩኒቨርሲቲው የመድኃኒት ጥራት ላቦራቶሪም ሳይጠቀስ ማለፍ የለበትም። አንድ እንክብል በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያህል ንጥረ ነገር መያዝ አለመያዙን፣ በሆድ ውስጥም በተገቢው ፍጥነት መሟሟት አለመሟሟቱን በመሣሪያ መመርመር የሚችል ሰው ከተማው ውስጥ መኖሩ ለማንኛውም ቸርቻሪ መተማመኛ ነው፤ ዓይን የሚያየው ማሸጊያውን ብቻ ነውና።

ወደ ራሴ ቤት ስመለስ፣ ተማሪ መቀበል ሥራ እንደሚያበዛ አልደብቅም። መደርደሪያው ጠባብ ነው፤ ወረፋ የያዘ ደንበኛም ማብራሪያ ሲረዝምበት ይቆጣል። ቢሆንም ጥሩ ሆኖ የተዘጋጀ ተማሪ መጠቀሚያ ጊዜያቸው የተቃረበ መድኃኒቶችን ለይቶ ወደ ፊት ያወጣል፣ ያለ ማዘዣ ፀረ ተዋስያን ለሚጠይቅ ደንበኛም እምቢታውን በአክብሮት ያስረዳል። የመምህሩ ክትትል ዋጋ የሚታወቀው ሲጎድል ነው። ስሙን ከማልጠቅሰው ከሌላ ተቋም ተማሪዎች ተቀብዬ፣ የልምምዳቸው ጊዜ እስኪያልቅ አንድም መምህር ሳይጎበኛቸው የምዘና ቅጹን በመጨረሻው ቀን እንድፈርም ተጠይቄያለሁ። ተማሪዎቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ምን እንዲማሩ እንደተላኩ የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም።

ቅሬታዬ በመምህራኑ ላይ ሳይሆን ሥራቸው በሚለካበት መንገድ ላይ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች መምህር የሚመዘነው በተማሪዎቹ፣ በባልደረቦቹና በኃላፊው ነው፤ የሥራ ጫናው በክሬዲት ሰዓት ይሰላል፣ ለማዕረግ እድገቱ ደግሞ የታተመ ምርምር ከፍተኛ ቦታ ይይዛል። ታዲያ አልጋ አጠገብ ቆሞ የተስተካከለ መጠን፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ የተፈተሸ መጋዘን፣ መድኃኒት ቤት ገብቶ ከተማሪው ጋር የተመረመረ ማዘዣ በየትኛው መስመር ይመዝገብ? ምርምሩ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም፤ ያለ እርሱ የጥራት ላቦራቶሪም ባልኖረ። ነገር ግን ባለ ማዕረጉ መምህር ከሕትመቱ ጋር እኩል ሊቆጠርለት የሚገባ አገልግሎት እየሰጠ ዓመቱ ሲዘጋ ስሙ የማይነሣ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት ራውንዱን ለጀማሪ ረዳት መተው ቢቀናው አልፈርድበትም።

ከአምስት አራት እሰጣለሁ። የቀረው አንዱ የተያዘው እንዲህ ያለውን አገልግሎትና ክትትል በማይቆጥረው የምዘና መንገድ ምክንያት ነው። ተማሪ ለመቀበል የሚያስቡ የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች የመምህሩን የጉብኝት ቀናት በጽሑፍ ይጠይቁ፣ የምዘና ቅጹንም ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ይቀበሉ፤ መምህሩ ሲመጣም ተማሪው ያስተናገዳቸውን ማዘዣዎች አውጥተው አብረው ይመልከቱ።