አርቸር ሲ6 ራውተር በአንድ የሐዋሳ ግቢ፦ የአራት ወር አጠቃቀም ግምገማ

በአቶቴ አካባቢ በሚገኘው ግቢያችን ውስጥ ዋናው ቤትና ሦስት የሰርቪስ ክፍሎች አሉ። ክፍሎቹ የተከራዩ ሲሆኑ ተከራዮቹ የኢንተርኔቱን ወርኃዊ ክፍያ ከእኛ ጋር ይጋራሉ። ከአራት ወር በፊት ቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ6 የተባለውን ራውተር ፒያሳ ካለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገዝቼ ያስገጠምኩት መስመሩ ስለተንቀራፈፈብኝ ብቻ አልነበረም፤ የቤቴ ኢንተርኔት ቁልፍ በእኔ እጅ እንዳልነበረ ዘግይቼም ቢሆን ስለተረዳሁ ነው። ስለዚህ ይህ ግምገማ ስለ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ከተሰካ በኋላ ስለሚቀረው ሥራም ጭምር ነው።

ከዚህ በፊት የነበረውን ሞደም የገጠመልን ሰው የዋይፋዩን ፓስወርድ የእኔን ስልክ ቁጥር አድርጎ፣ የማስተዳደሪያ ገጹን፣ ማለትም የሞደሙ ቅንብር የሚስተካከልበትን ገጽ፣ መግቢያ ደግሞ ከፋብሪካ እንደመጣ ትቶልን ሄዶ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም አልጠረጠርኩም። አንድ ቅዳሜ ማታ ልጄ በቪዲዮ ትምህርት እየተከታተለች ሳለ መስመሩ እየተቆራረጠ ሲያስቸግራት፣ በሞደሙ ገጽ ላይ የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር አብረን ከፈትን። በግቢያችን ያሉት ስልኮች፣ ኮምፒውተሮችና አንዱ ቴሌቪዥን ተደምረው 11 ናቸው፤ በዝርዝሩ ላይ የቆጠርነው ግን 23 ነበር። ከቁጥሩ ይልቅ ያስደነገጠኝ ወደ ገጹ የገባንበት መንገድ ነው፤ በስምም በፓስወርድም ቦታ «አድሚን» ብለን ስንጽፍ ያለ አንዳች ጥያቄ ተከፈተልን። እኛ እንደዚያ ከገባን በዋይፋያችን ላይ ያለ ማንኛውም ሰው እንዲሁ ሊገባ፣ ፓስወርዱን ቀይሮ ባለቤቶቹን ሊያስወጣ፣ ከዚያም ብሶ የባንክ ገጽ ስንከፍት ወደ ሌላ አስመሳይ ገጽ የሚመራ አድራሻ ሊያስቀምጥልን ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 «ሚራይ» የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት የያዘው በረቀቀ ጥበብ ሳይሆን፣ 60 ያህል የታወቁ የፋብሪካ ስምና ፓስወርዶችን ተራ በተራ በመሞከር እንደነበር ያወቅሁት ከዚህ በኋላ ነው።

ስልክ ቁጥርን ፓስወርድ ማድረግ በከተማችን እጅግ የተለመደ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ቁጥሩ 10 አሃዝ ስላለው ጠንካራ ይመስላል፤ ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች 09 ወይም 07 መሆናቸውን ሁሉም ሰው ያውቃል። የሚቀሩት 8 አሃዞች ሲሆኑ በእያንዳንዱ መነሻ 100 ሚሊዮን አማራጭ ይሰጣሉ። ይህ ለሰው የማይቆጠር ቢሆንም፣ አንድ ስልክ ከዋይፋዩ ጋር ሲገናኝ የሚደረገውን የመጀመሪያ ልውውጥ ከአየር ላይ ቀድቶ በጥሩ ኮምፒውተር ለሚሞክር ሰው የአንድ ቀን ሥራ እንኳ አይሆንም። በእኔ ቤት ግን ይህን ያህል ድካምም አላስፈለገም፤ በሩ ላይ በለጠፍኩት «የሚከራይ ክፍል አለ» በሚለው ማስታወቂያ ላይ ቁጥሬን በትልልቁ ጽፌው ነበርና።

ወደ ዕቃው ስመጣ፣ አርቸር ሲ6 አራት ውጫዊ አንቴናዎች ያሉት፣ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርትዝ ሞገዶች የሚሠራ ራውተር ነው። ካርቶኑ ላይ የሰፈረው 300 እና 867 ሜጋቢት በሰከንድ የሚለው ቁጥር በራውተሩና በስልኩ መካከል ሊኖር የሚችለው ከፍተኛ መጠን እንጂ ከኢንተርኔት አቅራቢው የሚመጣው ፍጥነት አይደለም፤ የወሰዱት ጥቅል አነስተኛ ከሆነ ራውተሩ አያሳድገውም። ከበስተኋላው አንድ የኢንተርኔት መግቢያና አራት የኬብል መውጫዎች አሉት። ገዢዎች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባው ነገር የስልክ መስመር የሚሰካበት ቀዳዳ እንደሌለው ነው። ኢንተርኔታቸው በስልክ መስመርም ሆነ በፋይበር የሚመጣ ሰዎች የቀድሞውን ሞደም መጣል አይችሉም፤ ከሞደሙ በኔትወርክ ኬብል አውጥተው ወደ ራውተሩ የኢንተርኔት መግቢያ ማስገባት ይኖርባቸዋል። ሱቁ ውስጥ ሳለሁ አንድ ደንበኛ ይህን ባለማወቁ ዕቃውን ሊመልስ መጥቶ አይቻለሁ።

ሱቁ በተጨማሪ ክፍያ ቤት ድረስ መጥቶ የሚገጥም ወጣት ይልካል፤ አገልግሎቱን ከዕቃው እኩል ላመሰግነው እወዳለሁ። ወጣቱ ራውተሩን ሰክቶ፣ በላፕቶፔ ብራውዘር 192.168.0.1 የሚለውን አድራሻ ከፈተ። ራውተሩ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀው አዲስ የማስተዳደሪያ ፓስወርድ እንዲፈጠርለት ነው፤ ያ ካልተፈጠረ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። ይህን የዕቃውን ትልቅ በጎነት አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ምክንያቱም የቀድሞው ሞደማችን ችግር ሁሉ የጀመረው እዚህች ነጥብ ላይ ነበር። ፓስወርዱ የሚጻፍበት ሳጥን በስክሪኑ ላይ ሲመጣ ወጣቱ ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ጋሼ፣ ይህንን እርስዎ ይጻፉት፤ እኔ ላየው አይገባም» አለና ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጽፌ እስክጨርስ፣ ሁለተኛ ጊዜም ደግሜ እስካረጋግጥ ድረስ በግቢው ያለውን የአቮካዶ ዛፍ እየተመለከተ ቆየ። ቀድሞ የገጠመልን ሰው የመንደሩን ሁሉ ፓስወርድ በስልኩ ይዞ ሲዞር እንደነበር ሳስታውስ፣ ይህች አንዲት እንቅስቃሴ የአንድን ባለሙያ ሥነ ምግባር ሙሉ በሙሉ አሳየችኝ።

ቀጥሎ የዋይፋዩ ስምና ፓስወርድ ተቀየረ። ፓስወርዱ ከ8 እስከ 63 ምልክት ሊኖረው እንደሚችል ወጣቱ ነግሮኝ፣ ርዝመት ከውስብስብነት ይልቅ እንደሚጠቅም አስረዳኝ። በምክሩ መሠረት እርስ በርስ የማይገናኙ አራት የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል አያይዤ በመካከላቸው ሁለት ቁጥር ጨመርኩ፤ ለቤተሰቡ በቃል ለመያዝ የማይከብድ፣ ለገማች ግን ሩቅ የሆነ ሐረግ ነው። የዋይፋዩንም ስም የቤተሰባችንን ስም ወይም የቤት ቁጥራችንን እንዳላደርገው ከለከለኝ፤ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው የትኛው መስመር የየትኛው ቤት እንደሆነ እንዲያውቅ ማድረግ ምንም ጥቅም የለውም። የምስጠራው፣ ማለትም በአየር ላይ የሚያልፈው መረጃ በሌላ ሰው እንዳይነበብ የሚቆለፍበት መንገድ፣ ዓይነት ደብልዩ ፒ ኤ 2 ሆኖ ኤ ኢ ኤስ በሚባለው ዘዴ እንዲሠራ ተደረገ። አዲሱ ደብልዩ ፒ ኤ 3 በሚገኝበት ራውተር የሁለቱን ጥምር መምረጥ ይሻላል፤ ያረጁ ስልኮች አዲሱን ብቻ ሲያጋጥማቸው አልገናኝም ሊሉ ይችላሉና።

ከዚያ በኋላ የተዘጋው ደብልዩ ፒ ኤስ የሚባለው አገልግሎት ነው። ይህ ፓስወርድ ሳይጻፍ ቁልፍ በመጫን ወይም 8 አሃዝ ያለው ቁጥር በማስገባት መሣሪያ ለማገናኘት የተፈጠረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ላይ ይፋ እንደሆነው፣ ቁጥሩ በሁለት ተከፍሎ ስለሚመረመርና የመጨረሻው አሃዝ ከሌሎቹ ተሰልቶ የሚገኝ ስለሆነ፣ ገማቹ ቢበዛ 11,000 ጊዜ መሞከር ብቻ ይበቃዋል። በዚህ ምክንያት ምንም ያህል ረጅም ፓስወርድ ቢቀመጥ ይህ ክፍት ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ሊሆን ይችላል። አዳዲስ ራውተሮች ከተደጋጋሚ ስህተት በኋላ የሚቆልፉበት ዘዴ ቢኖራቸውም፣ በቤታችን ማንም ስለማይጠቀምበት መዘጋቱን መረጥኩ።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። አዲሱ ራውተር በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ከተዘጋጀ በኋላም የቀድሞው ሞደም የራሱን ዋይፋይ በዚያው በስልክ ቁጥሬ ፓስወርድ ሲያሰራጭ ነበር። ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ሲያሳየኝ ሁለቱም ስሞች ጎን ለጎን ተደርድረው አየሁ። የፊቱን በር በጥሩ ቁልፍ ቆልፎ የጓሮውን ክፍት እንደመተው ነው። የሞደሙ ዋይፋይ እንዲጠፋ ተደርጎ፣ የማስተዳደሪያ መግቢያውም ከተቀየረ በኋላ ብቻ ሥራው አለቀ። ራውተር ገዝተው «አሁንም ሰው ይገባብኛል» የሚሉ ወዳጆቼን ሁሉ በመጀመሪያ የምጠይቃቸው የሞደማቸውን ዋይፋይ ስለማጥፋታቸው ሆኗል።

ተከራዮቹን በሚመለከት፣ ወጪውን ስለሚጋሩ መስመሩን መከልከል ፍትሐዊ አይደለም፤ የቤተሰቡን ፓስወርድ መስጠትም ተከራይ በለቀቀ ቁጥር የሁላችንንም ስልክ እንደገና ማገናኘት ማለት ነው። አርቸር ሲ6 ለዚህ የእንግዳ ኔትወርክ የሚባል መፍትሔ አለው። በአንዱ ራውተር ላይ ሌላ ስምና ሌላ ፓስወርድ ያለው መስመር ይከፈታል፤ በእሱ የገቡ ሰዎች ኢንተርኔት ያገኛሉ እንጂ የቤቱን ኮምፒውተርና ፕሪንተር እንዲያዩ አይፈቀድላቸውም፤ እርስ በርሳቸውም እንዳይተያዩ ማድረግ ይቻላል። አንደኛዋ ተከራያችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስትሆን፣ በመጀመሪያ የተለየ ስም ማየቷ ቅር አሰኝቷት «ጋሼ፣ የእኛ ደከም ያለው ነው እንዴ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ልዩነቱ ፍጥነት ላይ ሳይሆን የእሷንም ፋይሎች ከሌሎቹ መጠበቅ ላይ እንደሆነ ካስረዳኋት በኋላ፣ ላፕቶፗ ላይ የተጋራ ፎልደር እንደነበራት አስታውሳ ደስ አላት። ባለፈው ወር አንዱ ክፍል ሲለቀቅ የእንግዳውን ፓስወርድ ብቻ ቀየርኩ፤ ሥራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ስለ ሽፋኑ፣ ቤታችን በብሎኬት የተሠራ ሲሆን ራውተሩ ሳሎን ውስጥ ከቁም ሳጥን በላይ ተቀምጧል። 5 ጊጋኸርትዙ በሳሎንና በአጠገቡ ባለው መኝታ ክፍል እጅግ ፈጣን ነው፤ ከሁለተኛው ግድግዳ በኋላ ግን ይዳከማል፤ ይህ የዚህ ዕቃ ጉድለት ሳይሆን የሞገዱ ጠባይ ነው። ሰርቪሶቹ የሚደርሳቸው በ2.4 ጊጋኸርትዙ ሲሆን፣ ጎረቤቶች በብዛት በአንድ ቻናል (ሞገዱ ከሚከፈልባቸው መስመሮች በአንዱ) ላይ ተጨናንቀው ስለነበር ወደ ቻናል 11 ቀይረነው ተሻሽሏል። በዚህ ሞገድ እርስ በርስ የማይረባበሹት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ስለሆኑ ከእነዚህ መምረጥ ይበጃል። ግቢው ጫፍ ላይ፣ በቆርቆሮ የታጠረው ሦስተኛ ክፍል ውስጥ መስመሩ አሁንም ሳሳ ይላል።

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ራውተሩ የራሱ ባትሪ የሌለው መሆኑ መታሰብ አለበት። ለራውተር የሚሸጡትን ትንንሽ ዩፒኤሶች፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ የሚተኩ የባትሪ ምትኬዎች፣ የሚገዛ ሰው በአስማሚው ላይ የተጻፈውን ቮልት ማመሳከር አለበት፤ የእኔው 12 ቮልት ነው፤ ሞደሙም ሳይዘነጋ አብሮ መሰካት አለበት፤ እሱ ከጠፋ ራውተሩ ብቻውን ቢበራ ኢንተርኔት የለም። ፈርምዌሩን፣ ማለትም የራውተሩን የውስጥ ሶፍትዌር፣ ማደስ የሚገባውም በዚህ ምትኬ ላይ ሆኖ ነው፤ በእድሳቱ መካከል መብራት ቢሄድ ዕቃው ላይነሳ ይችላልና። እኔ በየሦስት ወሩ ከአምራቹ ገጽ ላይ አዲስ መኖሩን እመለከታለሁ። የሃርድዌር ስሪቱ ከራውተሩ ሆድ ላይ ካለው ወረቀት ጋር አንድ መሆኑን ሳያረጋግጡ ፋይል መጫን አይገባም።

ቅሬታዬ አንድ ነው፤ በከፈትኳቸው ገጾች ሁሉ አማርኛ አላገኘሁም። ባለቤቴ እኔ በሌለሁበት የእንግዳውን ፓስወርድ መቀየር እንድትችል የገጾቹን ቅደም ተከተል በአማርኛ ጽፌ፣ የማስተዳደሪያውን ፓስወርድ በሌላ ወረቀት አድርጌ ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጫለሁ። የራውተሩን ፓስወርድ በራሱ በራውተሩ ላይ የሚለጥፉ ቤቶች ስላሉ ይህን መጥቀስ ፈለግሁ።

ዋና ቤትና ሁለት ሰርቪስ ላለው፣ በአንድ ወለል ላይ ለተሠራ ግቢ ይህን ራውተር ያለማመንታት እመክራለሁ። ፎቅ ላለው ወይም ግቢው በርዝመት ለሄደ ቤት ግን አንዱ ብቻውን አይበቃም፤ ከእሱ በኬብል ተስቦ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ሁለተኛ ማሰራጫ ያስፈልጋል፤ እኔም ለሦስተኛው ክፍል ኬብሉን በቱቦ ለማስቀበር በሚቀጥለው ሳምንት ቆፋሪ ቀጥሬአለሁ።