ብሌን ድንበር ላይ ስንት ደቂቃ? የሞከርኳቸው የወረፋ መለኪያዎች

እኛ አሜሪካ ሲያትል ነን፣ እህቴ ካናዳ ቫንኩቨር ናት። ክርስትና ወይም በዓል በመጣ ቁጥር ብሌን ላይ ያለውን ድንበር እናቋርጣለን። እስከ ኬላው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ወረፋው ነው። አንዳንዴ 10 ደቂቃ፣ አንዳንዴ ከሰዓት በላይ።

ባለፈው ሐምሌ ለክርስትና ስንሄድ ስልኬ ላይ ያለ አንድ አፕ «15 ደቂቃ» አለኝ። አምኜው ገባሁ። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብን። የ5 ዓመቷ ልጄ ሽንቴ መጣ እያለች ታለቅሳለች፣ እናቴ ድፎ ዳቦውን እንዳቀፈች «አይዞሽ የኔ እናት፣ ደረስን እኮ» ትላታለች፣ ፊት ለፊታችን ያለው መኪና ደግሞ ንቅንቅ አይልም። ስንደርስ ቡናው በረካ ላይ ነበር፣ ግማሹ እንግዳ ሄዷል። እናቴ ምንም አላለችም፤ ድፎውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቁጭ አለች። አንጀቴን በላችው።

ከዚያ ወዲህ ሰዓት ሳልይዝ ድንበር አልሻገርም። ከሰልፉ ጭራ ስደርስ የስልኬን ሰዓት እጀምራለሁ፣ ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ መስኮት ጋ ስደርስ አቆማለሁ።

በጣም የወደድኩት አይ-5 አውራ ጎዳና ላይ፣ ከድንበሩ በፊት የተሰቀለውን የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ነው። ወደ ካናዳ ለሚሄድ ሰው ብሌን ላይ ያሉትን የሁለቱን ኬላዎች፣ የፒስ አርችንና የፓሲፊክ ሃይዌይን፣ ወረፋ ጎን ለጎን ያሳያል። አንድ ቀን 35 አለ፣ እኔ 41 ያዝኩ። ሌላ ቀን 20 አለ፣ በ18 ወጣን። ለኔ ይሄ ከበቂ በላይ ነው።

አሠራሩ ደስ ይላል። አስፋልቱ ውስጥ የሽቦ ጥቅልሎች ተቀብረዋል። መኪና ሲያልፍባቸው የብረቱ አካል ይሰማቸዋል፣ ይቆጥሩታል። ኮምፒውተሩ ሰልፉ ውስጥ ስንት መኪና እንዳለ ያውቃል፤ መስኮቶቹ በደቂቃ ስንት መኪና እንደሚያሳልፉም ያውቃል፤ አንዱን ለሌላው ያካፍላል። ስለዚህ የሚነግርህ አሁን ሰልፉን ብትይዝ ስንት እንደምትቆይ ነው። ድክመቱም እዚያው ነው። ሰልፉ ከመጨረሻው ሽቦ አልፎ ከረዘመ ትርፉን አያየውም። መንገድ ሲቆፈር ሽቦው ከተቆረጠም ቆጠራው ይበላሻል። ረጅም እረፍት ባለበት ቅዳሜና እሁድ ቁጥሩ ላይ ትንሽ ጨምሩበት።

ቶሮንቶ ዘመዶች ጋ ስሄድ ያየሁት ሌላ ነው። የአሜሪካዋን ቡፋሎ ከካናዳዋ ፎርት ኢሪ የሚያገናኘው ፒስ ብሪጅ የሚባል ድልድይ ላይ የሚሠሩት በብሉቱዝ ነው። መንገድ ዳር ያለ መሣሪያ የስልካችሁን ወይም የመኪናችሁን ብሉቱዝ መለያ ቁጥር ያነባል፣ ከኬላው ወዲያ ያለው ሌላ መሣሪያ እንደገና ያነበዋል፣ በመሃል ያለው ጊዜ ወረፋችሁ ነው። ግምት የለበትም፣ በእውነት የቆየ ሰው የቆየበትን ነው የሚለካው። ግን ልብ በሉ፣ የሚነግራችሁ ቀድሟችሁ ስለጨረሰው ሰው ነው። ሰልፉ በፍጥነት እያደገ ከሆነ ቁጥሩ ወደ ኋላ ይቀራል። ዲዩቲ ፍሪ ገብቶ ሽቶ ሲያሸት ግማሽ ሰዓት የቆየ ሰው የሚለካውን ጊዜ ያስረዝመዋል፤ ኔክሰስ የሚባለውን፣ ቀድሞ ለተመረመረ ተጓዥ የሚሰጠውን ካርድ ይዞ በልዩው መስመር የሚያልፈው ደግሞ ያሳጥረዋል። እነዚህ ካልተለዩ ቁጥሩ የማንም አይሆንም።

ቴክሳስ ውስጥ ኤል ፓሶን በመሰሉ ከሜክሲኮ ጋር በሚያገናኙ ኬላዎች ለጭነት መኪና የሚጠቀሙት ከመስታወት ላይ የሚነበብ የሬዲዮ መለያ ነው። ብዙዎቹ ከባድ መኪኖች ቀድሞውኑ ስለለጠፉት ያዋጣል። ለኛ ለቤት መኪና ግን አይሆንም፣ ያለው ሰው ጥቂት ነው።

ከሁሉ የማላምነው በሰው ዓይን የተገመተውን ነው። የአሜሪካ መንግሥት ሂሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2013 የጭነት መኪኖችን የወረፋ መረጃ ፈትሾ አስተማማኝ አይደለም ብሎ ጽፏል። አንዱ ምክንያት ከኬላ ኬላ አለካኩ መለያየቱ ነው። ታዲያ ምን ይገርማል? መስኮት ውስጥ ቆሞ የሰልፉን ጭራ ማየት የማይችል ሰው ደቂቃውን ከየት ያመጣዋል?

አንድ ነገር ግን ለሁሉም እጠይቃለሁ። ከደቂቃው ጎን የተለካበት ሰዓት ይጻፍ። «20 ደቂቃ» ከአንድ ሰዓት በፊት የነበረ ከሆነ ለኔ ምንም አይሠራም። ልጅና አዛውንት የጫነ ሰው በዚያ ቁጥር ነው የት ቆሞ ሽንት ቤት እንደሚገባ የሚወስነው።

ወደ ሰሜን ለምትነዱ፣ ሰሌዳውን ካያችሁ በኋላ የምትወስኑት መውጫ 275 ላይ ነው። በዚያ ከወጣችሁ ፓሲፊክ ሃይዌይ፣ ቀጥ ካላችሁ ፒስ አርች። የጭነት መኪኖቹ በ275 ስለሚወጡ ብዙ ሰው ይፈራዋል፣ ግን እነሱ የራሳቸው መስመር አላቸው። ባለፈው ሳምንት ሰሌዳው ፒስ አርች 50፣ ፓሲፊክ ሃይዌይ 20 አለ። በ275 ወጣሁ። 24 ደቂቃ። ልጄ ከእንቅልፏ እንኳ አልነቃችም። ስንደርስ እህቴ ቡናውን ገና እየቆላች ነበር።