ያማሃ ኢንዱሮ 15 በሀዋሳ ሐይቅ ላይ፦ ለማን ይሆናል፣ ለማን አይሆንም

በግል ጀልባቸው ከአገር አገር ውቅያኖስ የሚያቋርጡ ሰዎች ዋናውን ጀልባ መልህቅ ጥለው ያቆሙና ወደ ባሕር ዳር የሚወጡት በትንሽ የጎማ ጀልባ ነው። ከዚያች ትንሽ ጀልባ ኋላ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሞተር ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ቱ ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀይጦ የሚቃጠልበት) ያማሃ ነው፤ ኢንዱሮ 15 የምንለው ይህንኑ ነው። አሜሪካና አውሮፓ በጭስ ሕግ ምክንያት ይህን ዓይነት ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀይጥ ዕቃ ያለው) ቱ ስትሮክ አዲሱን አይሸጡም፤ ስለዚህ ተጓዦቹ የካሪቢያን ደሴቶች ሲደርሱ ይገዙታል። የሚፈልጉበት ምክንያት ሀዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ ያለ ጀልበኛ ከሚፈልግበት ምክንያት አይለይም፦ ቀላል ነው፣ ኮምፒውተር የለውም፣ በካቻቢቴና በካንዴላ መፍቻ ይፈታል።

ሁለት ሲሊንደር፣ 246 ሲሲ፣ ክብደቱ በአጭሩ ዓይነት 36 ኪሎ ግድም። ተመሳሳይ ጉልበት ያለው ፎር ስትሮክ (ዘይቱ ለብቻው የሚቀመጥበት) ወደ 50 ኪሎ ይመዝናል። ማታ ማታ ሞተሩን ከጀልባው ነቅሎ ቤቱ ለሚያሳድር ዓሣ አስጋሪ ይህ የ14 ኪሎ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው፤ 36ቱን አንድ ጠንካራ ሰው ይሸከመዋል፣ 50ውን ግን በየቀኑ ብቻውን የሚሸከም የለም።

ሀዋሳ ላይ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የከፍታው ነገር ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ሞተሩ ላይ 15 ተብሎ የተጻፈው ጉልበት የባሕር ወለል ጉልበት ነው፤ እዚህ ከ15 እስከ 18 በመቶ ይቀንሳል፣ ማለትም በእጅ የሚገባው ከ12 ተኩል ብዙም አይበልጥም። መረብና አራት ሰው ለሚጭን ጀልባ ይበቃል። አሥር መንገደኛ ለሚጭን ጀልባ ግን አይበቃም፤ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ውሃውን እያረሰች ትሄዳለች እንጂ ከውሃው ላይ አትነሳም፣ የጋዝ መስጫውም ቀኑን ሙሉ እስከ መጨረሻው እንደተከፈተ ይውላል።

ሁለተኛው የከፍታ ጣጣ የሚታየው በብልጭታ ቤንዚኑን የሚያነደው ካንዴላ ላይ ነው። አየሩ ሲያንስ የሚገባው ቤንዚን ግን ያው ስለሆነ ቅይጡ ይወፍራል፤ ካንዴላው ሲፈታ ጥቁርና ቅባታም ሆኖ ይገኛል፣ ሞተሩም በዝግታ ሲሄድ አንዱን ሲሊንደር እየዘለለ ይንተባተባል። ብዙ ሰው ካንዴላ በካንዴላ ላይ እየቀያየረ ገንዘቡን ይጨርሳል። መፍትሔው ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ዋናዋን ጅግለር በአንድ ቁጥር ማሳነስ፣ ከዚያም ፕሮፔለሩን በአንድ ኢንች ያነሰ ፒች (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) ባለው መቀየር ነው። ጋዙ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ የዘወትሩ ጭነት ተጭኖ፣ ሞተሩ በደቂቃ ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር መድረስ አለበት። ከ4,500 በታች ከቀረ ፕሮፔለሩ ከብዶታል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ እዚህ ጅግለሩ የተቀነሰለት ሞተር ተሽጦ ወደ ጅቡቲ ባሕር ከወረደ ጅግለሩ ወደ ቀድሞው መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ቤንዚን ያጥረውና ፒስተኑ ይቀልጣል።

ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀየጠው 50 ለ 1 ነው። 24 ሊትር በሚይዘው ታንክ 480 ሚሊ ሊትር ይገባል፤ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ከአንገቱ ጥቂት ጎደል ሲል ማለት ነው። አዲስ ሞተር በመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት እጥፉን፣ 25 ለ 1 ይፈልጋል። መጀመሪያ ጥቂት ቤንዚን፣ ከዚያ ዘይቱ፣ ታንኩ በደንብ ተወዝውዞ የቀረው ቤንዚን ይሞላል፤ ዘይቱ በመጨረሻ ከተጨመረ ከታች ይዘቅጥና መጀመሪያ ዘይት የበዛበት፣ ኋላ ዘይት ያነሰው ቤንዚን ወደ ሞተሩ ይገባል። ዘይቱ ላይ ቲሲ ደብሊው 3 (TC-W3) የሚል ምልክት መኖር አለበት። የባጃጅ ወይም የሞተር ሳይክል ቱ ስትሮክ ዘይት በነፋስ ለሚቀዘቅዝ፣ ለሚግል ሞተር የተሠራ ነው፤ በውሃ በሚቀዘቅዘው ውስጥ አመዱን ካንዴላና ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ላይ ይተዋል። «ዘይት ቢበዛ ምን ይጎዳል» የሚለውም ልማድ ሞተር ይገድላል፤ ዘይት በበዛ ቁጥር በዚያችው ጠብታ ውስጥ ያለው ቤንዚን ያንሳል፣ ካርቦኑም ፋሻውን ያጣብቀዋል።

ተቀይጦ ከወር በላይ የቆየ ቤንዚን አይጠቅምም። ማታ ሲቆም የቤንዚኑ ጎማ ተነቅሎ ሞተሩ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረችውን ጨርሶ በራሱ እስኪጠፋ መተው ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ጅግለር በሽቦ ሲጠርግ አይውልም።

ስለ ፍጆታው በአጭሩ፦ ጋዙ ሙሉ ተከፍቶ በሰዓት ከ6 እስከ 8 ሊትር ይጠጣል፤ አንድ ታንክ ሦስት ሰዓት ግድም ነው። ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ማዕበሉ ፊት ለፊት ቢመጣ የሚያዝ ነው። ሁለት መቅዘፊያ ሁልጊዜ ጀልባው ውስጥ ይኑር።

አሁን ሞተሩን በእርግጥ የሚገድለው ነገር። ከኋላ በኩል ከሽፋኑ በታች በቀጠነች ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ይፈሳል፤ ሞተሩን አቀዝቅዞ የሚወጣው ውሃ ነው። ማስነሻው ገመድ ተስቦ ሞተሩ እንደተነሳ ዓይን መጀመሪያ ማረፍ ያለበት እሷ ላይ ነው። ውሃው ጠንከር ብሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ለእጅ ለብ ብሎ መውጣት አለበት። ከቀጠነ ወይም ከተቆራረጠ ወዲያው ማጥፋት፤ «ዳር ልድረስና አያለሁ» የሚባልበት ጊዜ የለም፣ ፒስተኑ በደቂቃዎች ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ባሕር ላይ ይህን ቀዳዳ የሚደፍነው ጨው ስለሆነ ተጓዦቹ ሞተሩን በንጹህ ውሃ ያጥቡታል። የሀዋሳ ሐይቅ መውጫ ባይኖረውም ውሃው ጨዋማ አይደለም፤ እዚህ ጠላቱ ፌስታልና አልጌ ነው። ፌስታል ታች ያለውን የውሃ መሳቢያ ወንፊት ይለጠፍበታል፤ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከውሃው አንስቶ፣ በእጅ መግፈፍ ነው። ወንፊቱ ንጹህ ከሆነ ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ መክፈት። ከዚያም ካልመጣ ውሃ የሚስበው የጎሚኒ ፋን አልቋል። ይህ ጎሚኒ በየዓመቱ ይቀየራል። ዳር ላይ፣ ውሃ ውስጥ ሳይገባ «እስኪ ድምፁን ልስማ» ተብሎ ሞተር ሲነሳ የሚቀደደውም ይኸው ጎሚኒ ነው፤ ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል።

የመረብ ክር ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ ይጎዳል። ናይለኑ ከፕሮፔለሩ ጀርባ ዘንጉ ላይ ይጠመጠምና ፓራዮሊውን (ውሃ እንዳይገባ የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት) ይቆርጣል፣ በዚያ በኩል ውሃ ወደ ማርሹ ቤት ይገባል። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ፕሮፔለሩን አውልቆ ዘንጉን ማየት ያስፈልጋል። የማርሹ ቤት የታችኛው ቡሎን ላላ ሲል የሚወጣው ዘይት ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቷል። የማርሹ ቤት የሚይዘው ዘይት 250 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ የሚሞላውም ከታችኛው ቀዳዳ እስከ ላይኛው እስኪፈስ ድረስ ነው። ከላይ ወደ ታች ከተሞላ አየር ውስጡ ይቀርና ላይኛው ማርሽ ደርቆ ይሠራል። መጀመሪያ የላይኛው ቡሎን ይዘጋል፣ ከዚያ የታችኛው፣ ሮንዴላዎቹም አዲስ ይሁኑ።

ሲገዛ የዘንጉን ርዝመት መለካት ያስፈልጋል። የጀልባው የኋላ ሳንቃ 38 ሴንቲ ከሆነ አጭሩ፣ 51 ሴንቲ ከሆነ ረጅሙ። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል ወይም ሁለት ሴንቲ ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ከፍ ካለ በማዕበል ላይ አየር እየጎረሰ ያለ ጭነት ይጮሃል።

ይህ ሁሉ ተብሎ አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። ባለ ካርቡሬተር ቱ ስትሮክ ከሚጠጣው ቤንዚን ሩብ ያህሉን ሳያቃጥል ከነዘይቱ ወደ ውሃው ይተፋል። ውቅያኖስ ላይም ጥሩ አይደለም፤ ሀዋሳ ግን የጥቁር ውሃ ወንዝ ገብቶበት ምንም የማይወጣበት ሐይቅ ነው። የገባበት እዚያው ይቀራል፣ ቆሮሶውም አምባዛውም የሚኖረው እዚያው ነው። ስለዚህ ጎብኚ እየጫነ ከጠዋት እስከ ማታ ለሚሠራ ጀልባ ይህን ሞተር አንመክርም፤ ሞተሩ ከጀልባው የማይወርድ ከሆነ ክብደቱ ምክንያት አይሆንም፣ ባለ 25 ወይም ባለ 40 ፎር ስትሮክ ይግዛ። በሚቆጥበውም ቤንዚን ዋጋውን ይክሳል። ንጋት ወጥቶ መረቡን አንስቶ ለሚመለስ አስጋሪ ግን ከዚህ የተሻለ አናውቅም።

ያገለገለ ለሚገዛ፦ ባለ 9.9ኙና ባለ 15ቱ የሲሊንደራቸው መጠን እኩል፣ 246 ሲሲ ስለሆነ ሽፋኑን ቀይሮ 9.9ኙን 15 ብሎ መሸጥ ቀላል ነው። ሽፋኑ ላይ ያለውን ቁጥር ትታችሁ ሞተሩ ከጀልባው የሚታሰርበት ክንድ ላይ ያለውን የብረት ሰሌዳ አንብቡ። ከዚያ የማርሽ ዘይቱን ቀለም፣ የውሃዋን ፍሰት፣ በመጨረሻ የሁለቱን ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት) ተመልከቱ። በከፍታው ምክንያት ቁጥሩ ዝቅ ማለቱ አያስደነግጥም፤ አንዱ ከሌላው ከ10 በመቶ በላይ ከወረደ ግን ዋጋ ላይ መከራከር ሳያስፈልግ ትታችሁት ሂዱ።