የአየርላንድ ባህላዊ ፈውስ፦ ቅዱሱ ምንጭ ወይስ «መድኃኒቱ ያለው» ሰው?

በአየርላንድ ገጠር ሰው ሲታመም ሁለት የቆዩ መንገዶች ነበሩት፤ ዛሬም ፈጽመው አልጠፉም። አንደኛው ወደ ቅዱስ ምንጭ መሄድ ሲሆን ሁለተኛው «መድኃኒቱ አለው» ወደሚባል፣ ማለትም አንድን ሕመም የመፈወስ ኃይል አለው ተብሎ ወደሚታመን ሰው ዘንድ መሄድ ነው።

ምንጩ ለማንም ክፍት ነው፤ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ጊዜና ሥርዓት ነው። በሽተኛው እየጸለየ ምንጩን ፀሐይ በምትሄድበት አቅጣጫ ይዞራል፤ ከዚያም የታመመ አካሉን ያስነካውን ቁራጭ ጨርቅ አጠገቡ ባለው ዛፍ ላይ ያስራል፤ ጨርቁ በዝናብና በነፋስ በስብሶ ሲያልቅ ሕመሙም አብሮ ይጠፋል ተብሎ ይታመናል። በክሌር አውራጃ፣ ሊስካኖር አጠገብ፣ ወደ ቅድስት ብሪጊድ ምንጭ የሚያስገባው መተላለፊያ ሰዎች በተዉአቸው ፎቶግራፎች፣ መቁጠሪያዎችና ደብዳቤዎች ተሞልቷል፤ ጠበል ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ስሜት እንግዳ አይሆንም።

ሰውየው ግን የሚፈለገው ለተወሰነ ሕመም ብቻ ነው። እኅት ሳይገባበት በተከታታይ ሰባተኛ ሆኖ የተወለደ ወንድ ለጭርት፣ የቤተሰብ ስሙ ከእሷ ጋር አንድ የሆነ ወንድ በማግባቷ ከጋብቻዋ በፊትም ሆነ በኋላ የቤተሰብ ስሟ ያልተለወጠ ሴት ደግሞ ለትክትክ ትፈለግ ነበር። ክፍያ መቀበል ኃይሉን ያሳጣል ስለሚባል ገንዘብ አይጠየቅም፤ ሰውየውን ለማግኘት ግን የአካባቢውን ሰው ማወቅ ግድ ይላል።

አደጋው በሁለቱም በኩል አለ፦ የምንጭ ውሃ ንጹሕ ላይሆን ይችላል፤ ትክትክም ሕፃናትን ስለሚገድል ሐኪምን የሚያዘገይ ማንኛውም ፈውስ አይመከርም። በራሱ ጊዜ ለሚጠፋ የቆዳ ኪንታሮት ሰውየው ይበቃል፤ ለሐዘንና ለረጅም ሕመም መጽናኛ ለሚሻ ግን ምንጩ የተሻለ ይመስለኛል።