ኮርቤት ፓርክ ብለው የሲታባኒን ደን ለሚሸጡ ገንዘባችሁን አትስጡ

ለሕክምናም ሆነ ለትምህርት ዴልሂ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ ሐኪሙ ቀጠሮ አራዝሞ ጥቂት ቀን ክፍት የሚሆንባችሁ አስታማሚዎች፣ «ታይገር እናሳያችኋለን» ለሚሏችሁ አስጎብኚዎች ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

የጂም ኮርቤት ብሔራዊ ፓርክ ከዴልሂ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በኡታራካንድ ግዛት በሂማላያ ግርጌ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1936 የተከለለ የሕንድ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ አገሪቱ ታይገርን ከመጥፋት ለማዳን እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣችው ፕሮጀክት የተጀመረውም እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022ቱ ቆጠራ 260 ታይገሮች ተገኝተውበታል፤ ከሕንድ የታይገር ጥብቅ ክልሎች ሁሉ ትልቁ ቁጥር ነው። ይህን ሰምቶ የማይጓጓ ሰው የለም። አጭበርባሪዎቹም የሚነግዱት በዚሁ ጉጉት ነው።

እኛ የከፈልነው ከፓርኩ ዋና ዋና የጉብኝት ቀጠናዎች አንዱ ለሆነው ለቢጅራኒ ነበር። ጂፑን፣ መሪውንና የመግቢያ ፈቃዱን ጨምሮ ለአራት ሰው 18,000 ሩፒ አስቀድመው ተቀበሉን። ፓስፖርት ግን አልጠየቁንም። ራምናጋር ከተማ ደርሰን ፈቃዱን አሳዩን ስንል «ሹፌሩ ዘንድ ነው» ተባልን። በማግስቱ ገና ሳይነጋ የተሳፈርንበት ጂፕ የቆመው ሲታባኒ በር ላይ ነው። ሰሌዳው የራምናጋር የደን ክፍል ይላል እንጂ የታይገር ክልሉ ስም የለበትም። ጥበቃው ስም አልጠራም፣ መታወቂያ አላየም፤ ሹፌሩ ወርዶ እዚያው ቲኬት ቆርጦ ተመለሰ። ይህ ኮርቤት ነወይ ብንለው «ደኑ ሁሉ አንድ ነው» አለን።

አንድ አይደለም! ሲታባኒ ከታይገር ጥብቅ ክልሉ ውጭ ያለ አጎራባች ደን ነው። ደኑን ለማንኳሰስ አይደለም፤ ቀጥ ብለው የቆሙት «ሳል» የሚባሉት ዛፎች ግርማ አላቸው፣ ወፉ ብዙ ነው፣ ታይገርም ይመላለስበታል። ወዶና አውቆ በዋጋው የሚሄድበት ሰው አይከፋም። በቀላሉ የሚገባበትን ደን፣ ፈቃዱ በቁጥር ተገድቦ አስቀድሞ በሚያዝ ቀጠና ስምና ዋጋ መሸጥ ግን ዝርፊያ ነው። ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ለመድኃኒት ከያዘው ላይ ቀንሶ በሚከፍል ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ ያንገበግባል።

እውነተኛው ፈቃድ የሚወጣው በግዛቱ የደን መሥሪያ ቤት የኢንተርኔት ገጽ ነው። በየቀጠናው በጠዋትና ከሰዓት በኋላ ፈረቃ የሚገቡት ጂፖች ቁጥር የተወሰነ ነው። ወረቀቱ ላይ የቀጠናው ስም፣ ቀኑ፣ ፈረቃው፣ የእያንዳንዱ ጎብኚ ስምና የመታወቂያ ቁጥር ይሰፍራል፤ በሩ ላይም ከፓስፖርታችሁ ጋር ይመሳከራል። ስለዚህ የፓስፖርት ቁጥራችሁን ሳይጠይቅ «ፈቃድ ይዤላችኋለሁ» የሚል ሰው ምንም አልያዘላችሁም። ስማችሁ ያለበትን ፈቃድ በዓይናችሁ ሳታዩ ሙሉ ክፍያ አትፈጽሙ።

ዲካላ ወደሚባለው የፓርኩ ቀጠና በጂፕ ደርሶ መልስ እንወስዳችኋለን የሚሏችሁንም አትመኑ። የራምጋንጋ ወንዝ የሚያልፍበት፣ ዝሆኖች በመንጋ የሚወርዱበት ያ ሰፊ ሣራማ ሜዳ ከሁሉም ይበልጥ ይፈለጋል። ውሎ ተመላሽ ጎብኚ የሚገባው ግን ፓርኩ በሚያሰማራው ክፍት አውቶቡስ ነው፤ በጂፕ የሚገቡት እዚያው ደን ውስጥ ማደሪያ የያዙ ናቸው። በዝናቡ ወራት፣ ከሰኔ መጀመሪያ ሳምንታት አንሥቶ እስከ ኅዳር መጀመሪያ፣ ዲካላ ዝግ ነው። በነሐሴ ዲካላን የሚሸጥላችሁ ሰው የሚሸጠው የተዘጋ በር ነው።

ታይገር ለማየታችሁ ዋስትና የሚሰጥም አለ። የአጋዘኖቹን የማስጠንቀቂያ ጩኸትና አሸዋው ላይ ያለውን ዱካ የሚያውቅ ጥሩ መሪ ዕድላችሁን ያሰፋል፤ ከዚያ ያለፈ ቃል ማንም ሊገባላችሁ አይችልም።

እኛ ገንዘባችን እንዲመለስ ጠይቀን እስካሁን መልስ አላገኘንም። የደረሰባችሁ ካላችሁ የክፍያ ደረሰኙንና የተላላካችሁትን መልእክት አታጥፉ፤ የበሩንም ሰሌዳ ፎቶ አንሡ። የሕንድ ብሔራዊ የሸማቾች የስልክ መስመር 1915 ነው፤ አቤቱታ እዚያ ማስመዝገብ ይቻላል።