ጎንደር ላይ አሮጌ ወርቅ ልትሸጡ ያሰባችሁ፣ ይቺን አንብቡና ሂዱ

ፒያሳ አካባቢ ላሉት አንጥረኛ ጋሼ በአደባባይ ምስጋና ይድረሳቸው። "ስሜን እንዳትጽፊ" ብለውኛል፣ እሺ አልጻፍኩም።

እማዬ ጣሪያ ልታስቀይር ብላ ከሣጥን ያወጣችው ጌጥ ነበር። ቀለበት፣ ሎቲ፣ የተበጠሰ የአንገት ሐብል፣ የብር ድሪ ከነማርትሬዛው (የንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የድሮው የብር ሳንቲም)። መጀመሪያ የገባንበት ወርቅ ቤት (ስሙ ይቅር) ወርቅ የተባለውን ሁሉ አንድ ላይ ሚዛን ላይ ዘረገፈና ካልኩሌተሩን ጠቅ ጠቅ አድርጎ "ሁሉም 18 ካራት ነው፣ ይሄን ያህል ይሆናል" አለን። ሚዛኑ ፊቱን ወደሱ አዙሯል። ቁጥሩን አላየንም። የግራሙን ዋጋ ብንጠይቀው "ከፈለጋችሁ ዞራችሁ ኑ" አለ። ዞርን፣ አልተመለስንም።

ጋሼ ጋ ስንገባ ሚዛኑን ወደ እማዬ አዞሩት። ባዶው ዜሮ ማለቱን አሳዩዋት። "እትዬ፣ እርስዎ ያንብቡልኝ፣ የኔ ዓይን ደክሟል" አሏት። የደከመ ዓይን ቢሆን ኖሮ ከቀለበቱ ውስጥ ያቺን ጤፍ የምታህል የካራት ማህተም ባላገኛት ነበር! ከዚያ እያንዳንዱን ለየብቻ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ፈተጉት፣ አጠገቡ ካራቱ በሚታወቅ ወርቅ ሌላ መስመር አሰመሩ፣ በሁለቱም ላይ አሲድ ጠብ አደረጉ። የሐብሉ መስመር ከ21ዱ እኩል ቆየ። ቀለበቱ 18 ሆነ። ሎቲውን ግን ትንሽ ፋቅ አድርገው ሲሞክሩት መስመሩ ወዲያው ጠፋ፣ ለካ ቅብ ነው። ያኛው ቤት ይሄንንም 18 ብሎት ነበር እኮ። እማዬ ሳቀች፣ ምን ታድርግ።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ንጹሕ የሚባለው 24 ካራት ስለሆነ፣ 10 ግራም 21 ካራት ውስጥ 8.75 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለ፣ 18 ከሆነ 7.5 ነው። ሐብሉን በ18 ሒሳብ ሸጠነው ቢሆን ኖሮ በየ10 ግራሙ 1.25 ግራም ንጹሕ ወርቅ መርቀን መሄዳችን ነበር። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ወርቅ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። የአምና ዋጋ በጭንቅላታችሁ ይዛችሁ አትግቡ፣ የዕለቱን ጠይቁ።

የቀለበቱን ፈርጥ አውጥተው ነው የመዘኑት፣ ፈርጡንም በወረቀት ጠቅልለው መለሱልን። የእጅ ዋጋ እንደማይመለስ ቀድመው ነገሩን፣ ስትገዙ ለሠሪው የከፈላችሁት ስትሸጡ የለም። ቅር ያሰኛል ግን እውነት ነው። እንዲያውም "የእጁንም ጨምሬ እገዛችኋለሁ" የሚል ካጋጠማችሁ ሚዛኑን ጠርጥሩ።

ድሪውን ግን አልገዛም አሉ። ማርትሬዛው ላይ 1780 ስለሚል እማዬ የዚያን ዘመን ዕቃ መስሏት ነበር። ጋሼ ሳቅ ብለው "እሱ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፣ ከዚያ ወዲህ የተመታውም ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ነው የወጣ" አሏት። ሳንቲሙ 28 ግራም ያህል ነው፣ ከሺህ 833 እጁ ብር። ቢቀልጥ የሚያወጣው ይቺኑ ነው። ድሪው ላይ ያለው የእጅ ሥራ ግን ለአቅላጭ አይሸጥም፣ አድርጎት ለሚያጌጥበት ሰው እንጂ። የላላችውን ማያያዣ በይደው መለሱላት። ስንት ነው ስንል እጃቸውን አወናጨፉብን።

ሲከፍሉን የእማዬን መታወቂያ አይተው ደብተራቸው ላይ መዘገቡ፣ የእያንዳንዱ ግራምና ካራት የተጻፈበት ደረሰኝም ሰጡን። መታወቂያ ሲጠይቋችሁ አትቀየሙ፣ የተሰረቀ ላለመግዛት ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ጋሼ አይቸኩሉም። ቡና ጠጥተው፣ የሰፈሩን ወሬ ጨርሰው ነው ሥራ የሚጀምሩት። ጥምቀት ሲቃረብማ ጌጡን የሚያሳጥበውና የሚያስጠግነው ሁሉ ስለሚጎርፍ ባትሄዱ ይሻላል። አድራሻቸውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ቆርቆሮው ተገዝቷል።