ጉም መዝገን፦ ከካምፐር ቫናችን ጋር 10 ወር

ይህን ቫን የገዛሁት በኦክቶበር 2023 ነው። የ2016 ሥሪት፣ ሁለተኛ እጅ፣ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና ባለ 12 ቮልት ፍሪጅ ያለው፣ ጣሪያው ላይ 200 ዋት ሶላር የተገጠመለት። ሞተሩ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። የሚያንገበግበኝ ፍሪጁን የሚያሠራው ሁለተኛው ባትሪ ነው።

የሸጠልኝ ሰው «ፀሐይ ካለ ሶላሩ ይሞላዋል፤ ፀሐይ ከሌለ ስትነዳ ዲናሞው ይሞላዋል፤ ፍሪጁ መቼም አይጠፋብህም» ብሎኝ ነበር። አመንኩት። ለወራት ቅዳሜ ወጥተን እሑድ ስንመለስ እውነትም አልጠፋም፤ በር ላይ ቆሞ ሲውል ፀሐይ ይሞላው ነበርና።

በጁን 2024 እናቴ ከባሕር ዳር መጣች። ስኳር ስላለባት ያልተከፈተ 3 ብልቃጥ ኢንሱሊን ይዛለች። ከካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ተነስተን በሃይዌይ 1 የፓስፊክን ዳርቻ ይዘን ወደ ደቡብ ወረድን። ኢንሱሊኑ ፍሪጁ ውስጥ ከታች፣ ባለቤቴ የሠራችው ዶሮ ወጥ ከላይ። በዓለ ሃምሳ ስለነበር ረቡዕም ዓርብም ጾም የለም።

የካሊፎርኒያን ባሕር ዳርቻ በፖስት ካርድ ብቻ የሚያውቅ ሰው ጁንን አያውቀውም። ባሕሩ ቀዝቃዛ ነው፤ እርጥቡ አየር በላዩ ሲያልፍ ጉም ይሆንና ዳርቻው ላይ ይተኛል። ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ አላየንም። በ1932 የተከፈተው ቢክስቢ ድልድይ ጋ ስንደርስ ከፊታችን ነጭ ግድግዳ ብቻ ነበር። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ድንገት ጉሙ ሲገለጥ ቅስቱ ከነሙሉ ቁመቱ፣ 80 ሜትር ገደማ ከሥሩ ደግሞ ሞገዱ ታየ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ዝም ብላ ቆመች። ቆይታ «ጣና ድምፅ የለውም፤ ይኼ ግን ይጣራል» አለች። ያን ቀን ቫኑን ማንም በእጥፍ ዋጋ ቢጠይቀኝ አልሸጥም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቢግ ሰር ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ተኝተን ፍሪጁ እየጮኸ ቀሰቀሰን። 11.7 ቮልት። ጠፍቷል። ወጡ ለብ ብሏል፣ ብልቃጦቹም እንደዚያው። ባለቤቴ አንዱን አንስታ አየችኝ፤ የምመልሰው አልነበረኝም።

መንገዱ ደግሞ ያኔ ከዚያ ወደ ደቡብ ዝግ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጀመሪያ የወረደ ናዳ ቆርጦት ነበር። ወደ ሞንትሬይ ተመልሰን ፋርማሲ ገባን። ፋርማሲስቷ ብልቃጦቹን አይታ ክፍል ሙቀት ላይ 28 ቀን እንደሚቆዩ፣ ከእንግዲህ ያንን ቀን እንድንቆጥር ነገረችን። እማዬ እጇን ይዛ መረቀቻት። እኔ ግን ንዴቴ አልበረደም።

ዙሪያውን በሃይዌይ 101 ስንሄድ ዓይኔ ከቮልት መለኪያው አልተነቀለም። ከሞንትሬይ እስክንወጣ ጉም ነው፤ ሞተሩ እየሠራ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ሳሊናስን አልፈን ፀሐይ ሲወጣ መውጣት ጀመረ። ኪንግ ሲቲ ምሳ ለመብላት ሞተሩን ሳጠፋም መውጣቱን ቀጠለ። ያኔ ገባኝ፤ የሚሞላው ፀሐይ ብቻ ነው። ወንበሩን አንስቼ ሳይ ከዲናሞው የመጣው ወፍራም ሽቦ ጫፉ በፕላስተር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከምንም ጋር አልተገናኘም።

ሻጩ አሁን ቢሰማኝ «ጥፋቱ የጉሙ ነው» ይለኛል። አይደለም፤ ስነዳ ይሞላል ያልከኝ አንተ ነህ። «100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ሰጥቼሃለሁ» ቢለኝም የአሲድ ባትሪ ነው፤ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ነው። ፍሪጅ፣ መብራትና ስልክ ቻርጅ እያደረገ ከሁለት ቀን አያልፍም። ያን ሽቦ በፕላስተር የጠቀለለ እጅ ምን እያደረገ እንደነበር ያውቃል። የሰው መድኃኒት የሚቀመጥበት ፍሪጅ ነው፤ በዚህ አይቀለድም።

ጉዟችንን ግን አልተውንም። ከሳን ሲሚዮን በላይ ፒየድራስ ብላንካስ ላይ የባሕር ዝሆኖቹን አየን፤ ትልልቆቹ ወንዶች ከ2 ሺህ ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ቆዳቸው ተልጦ አሸዋው ላይ ተዘርረው ስታይ እማዬ «ታመው ነው?» ብላ ደነገጠች። ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ በጎ ፈቃደኛ በየዓመቱ ፀጉራቸውን ከነቆዳው እንደሚቀይሩ አስረዳን፤ እኔ አስተረጎምኩላት። እዚያው አንድ ሰዓት ቆመን ቀረን።

ስንመለስ የአሲዱን ባትሪ አውጥቼ ሊቲየም አስገባሁ፤ 320 ዶላር። ከዲናሞው የሚሞላ 30 አምፒር ቻርጀር 180 ዶላር፣ ወፍራም ሽቦና ፊውዝ ተጨምሮ። የሁለት ቅዳሜ ሥራ ነው። እንዲህ ዓይነት ቫን የምትገዙ፣ ሻጩ ፊት ሶላሩን በብርድ ልብስ ሸፍኑና ሞተሩን አስነሱ። ቮልቱ ካልወጣ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

በኦገስት እማዬን ይዘን ወደ ሰሜን፣ ወደ ሜንዶሲኖ ሄድን። ሦስት ቀን ጉም። እማዬ ማታ ማታ ከመተኛቷ በፊት «ስንት ይላል?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር። በሦስተኛው ማታ 13.2 ይላል።